ስፌቱ ከተፈታ በኋላ

በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚገባው ዕቃ አዲስ አበባ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያገኘው አቃቂ ቃሊቲን ነው። ተሳቢው፣ ሲኖትራኩ፣ በቃሊቲ ጉምሩክ ደጃፍ ተራ የሚጠብቀው የጭነት መኪና፣ ከመናኸሪያው የሚወጣው አውቶቡስ፣ በመካከላቸው የሚሽሎከሎከው ባጃጅና እግረኛው ሁሉ አንድ መንገድ ይሻማሉ። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ አዳማ የሚደርሰው 84.7 ኪሎ ሜትር ፈጣን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ከባዱ መኪና ከፊሉ ወደዚያ ቢዞርም አሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ጭር አላለም። በግራና በቀኙ ፋብሪካዎች፣ የብረታ ብረት ሥራዎችና መጋዘኖች ተደርድረዋል፤ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ተከበው ሽቅብ የሚያድጉ ሕንፃዎችም አሉ። እንዲህ ያለ ሰፈር የብዙ ሰው ጭንቅላት የሚጎዳበት ሰፈር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመንገድ ደኅንነት ሪፖርት ለኢትዮጵያ የገመተው የመንገድ ሞት ከ100 ሺህ ሰው 26.7 ነበር። ቁጥሩ የሟቾቹ ብቻ ነው። ከአደጋው የሚተርፈው ከሚሞተው ይበልጣል፤ ከተራፊዎቹም ጥቂት የማይባሉት ራሳቸውን የተመቱ ናቸው። በአገራችን ሆስፒታሎች የተሠሩ ጥናቶች ከመኪና አደጋ ጎን ሁለት ምክንያቶችን ደጋግመው ያነሣሉ፦ ከከፍታ መውደቅና በዱላ ወይም በድንጋይ መመታት። ተጎጂው አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ወንድ ነው፤ ቤተሰብ የሚጠብቀው፣ ጉልበቱን ሸጦ የሚያድር።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሄዳል። ደሙ ይጠረጋል፣ ስፌቱ ይፈታል፣ ሰውየው ይራመዳል፣ ይናገራል፣ የጎረቤቱንም ስም ያስታውሳል። ዘመድ አዝማድ እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ይበተናል። ወራት ካለፉ በኋላ ግን ሚስት የተመለሰላት ሌላ ሰው መሆኑን ትናገራለች። በትንሽ ነገር ይገነፍላል፣ ገንዘብ በእጁ አይቆይም፣ ድሮ በበዓል ብቻ ይቀምስ የነበረው ማታ ማታ አረቄ ቤት ይገኛል። ቅዳሜን ጠብቆ በርጫ ይቀመጥ የነበረውን ከጠዋት ጀምሮ ሐራራ ያናውጠዋል። ቤተሰቡ ነገሩን ከአደጋው ጋር አያገናኘውም፤ «መጠጥ አበላሸው» ይባላል። ጸበል ይወሰዳል፣ ሽማግሌ ይላክበታል፣ በመጨረሻም ከቤት ይወጣል።

የጭንቅላት ጉዳት ሱስን ሊያመጣ ወይም ሊያባብስ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በዓለም ላይ ለአሥርት ዓመታት ሲጠና የቆየ ነው። ማስረጃው ከብዙ አቅጣጫ ተሰብስቧል፤ እርስ በርሱ የሚጋጭም አለበት። እኔ ከተከማቸው ውስጥ አንድ ነገር ይታየኛል፦ ከጉዳቱ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ወራት ሰውየው የሚድንባቸው ወይም የሚጠፋባቸው ወራት ናቸው፣ እኛም ልክ በእነዚያ ወራት ዓይናችንን ከእርሱ ላይ እናነሣለን።

የሱስ መነሻው የአንጎል የሽልማት መስመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር በአይጥ አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ ቀብረው፣ አይጧ ዘንግ በተጫነች ቁጥር አነስተኛ የኤሌክትሪክ ንዝረት እንዲደርሳት አደረጉ። ሽቦው በተወሰኑ ቦታዎች ሲያርፍ አይጧ ዘንጉን በሰዓት በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ትጫነው ነበር። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የመስመሩን አካሄድ ተከታተሉት። ከመካከለኛው አንጎል የሚነሡ የነርቭ ሕዋሳት ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል ወደ ፊት ይልካሉ፤ አንዱ ቅርንጫፍ ኒውክሊየስ አኩምበንስ ወደሚባለው ጥልቅ ክፍል፣ ሌላው ከግንባር ኋላ ወዳለው የፊት አንጎል ይሄዳል። ዶፓሚንን «የደስታ ኬሚካል» ማለት ተለምዷል። ቮልፍራም ሹልትዝ በዝንጀሮዎች ላይ የሠራቸው ጥናቶች ግን ሥራው ይበልጥ ለመማር የቀረበ መሆኑን አሳይተዋል። ከተጠበቀው በላይ ሲገኝ ሕዋሳቱ ይነቃቃሉ፤ ከተጠበቀው ሲያንስ ዝም ይላሉ። በዚህ መንገድ አንጎል የትኛውን ነገር ደግሞ መፈለግ እንዳለበት ይመዘግባል። አልኮል፣ ኒኮቲን፣ ኮኬይንና በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ሁሉም በየራሳቸው በር ገብተው ይህንን ምዝገባ ያዛባሉ።

የፊት አንጎል ሥራ ፍላጎቱን ከነገ ጋር ማመዛዘን ነው። የጭንቅላት ጉዳት ደግሞ በተለይ የሚያገኘው ይህንኑ ክፍል ነው። የራስ ቅላችን ወለል ከዓይን በላይና ከጆሮ ግንድ በስተውስጥ ባለው በኩል ሻካራና ጠርዝ የበዛበት ነው። በፍጥነት የሚሄድ ጭንቅላት ድንገት ሲቆም አንጎል ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ የፊት አንጎል የታችኛው ገጽና የጎን አንጎል ጫፍ በዚያ ሻካራ አጥንት ላይ ይፈገፈጋሉ። ምቱ በስተኋላ ቢሆን እንኳ ቁስሉ ብዙ ጊዜ ከፊት ይገኛል። ከዚያም በላይ ጭንቅላት ሲጠማዘዝ አንጎልን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያገናኙት ረጃጅም የነርቭ ክሮች ይሳባሉ፣ ይበጠሳሉም። ይህ ጉዳት በሲቲ ስካን ላይ ላይታይ ይችላል። ሐኪሙ «ምስሉ ንጹሕ ነው» ሲል ቤተሰቡ «ምንም የለበትም» ብሎ የሚሰማው እዚህ ላይ ነው።

በቁልቁለት ላይ ፍሬኑ የሳሳ ተሳቢን የነዳ ሰው ይህን ሁኔታ ያውቀዋል። መንገዱን ያያል፣ አደጋውን ያያል፣ እግሩም ፍሬኑ ላይ ነው፤ መኪናው ግን በጊዜው አይቆምም። የፊት አንጎሉ የተጎዳ ሰው መጠጥ እንደሚጎዳው በደንብ ያስረዳችኋል፣ ምሎ ይገዘታል፣ ማታውን ይጠጣል። ቤተሰብ ይህን እንደ ውሸት ይቆጥረዋል። ማወቁና መግታቱ በአንጎል ውስጥ በተለያየ ቦታ የሚሠሩ መሆናቸው ቢነገራቸው ግን ስንት ቤት ከመፍረስ በተረፈ ነበር።

ሌላም ወገን አለው። በአንዳንድ ተጎጂዎች ላይ የዶፓሚን ሥርዓቱ ራሱ ይደክማል፤ በለንደን የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአንጎል ምስል ጥናት ይህንን አሳይቷል። እንዲህ ያለው ሰው ምግቡ፣ ልጆቹ፣ ወዳጆቹ፣ ሥራው የቀድሞ ጣዕማቸውን ያጡበታል። ቤተሰብ ሰነፈ ወይም ቀዘቀዘ ይለዋል። በዚያ ጭጋግ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ለጥቂት ሰዓት ሕያው ካደረገው፣ ያ ነገር ጠርሙስም ይሁን እንጨት ጫት፣ መመላለሱ አይገርምም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። የሚጠጣ ሰው ይወድቃል፣ ይጣላል፣ መንገድ ሲያቋርጥ አይጠነቀቅም። ታዲያ ጉዳቱ ሱሱን አመጣው ወይስ ሱሱ ጉዳቱን? የሁለተኛው መልስ እውነትነት አያጠራጥርም፤ በብዙ አገሮች በጭንቅላት ጉዳት ሆስፒታል ከሚደርሱት ከሦስት አንዱ ወይም ከዚያ በላይ በአደጋው ሰዓት የጠጣ ነው። ስለዚህ ተጎጂዎች ጤነኛ ከሆነው ሰው ይልቅ ይጠጣሉ የሚል ቁጥር ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

ይህን ለመለየት ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል እኔን ያሳመነኝ በአሜሪካ አየር ኃይል አባላት ላይ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ነው። ጥናቱ መለስተኛ የጭንቅላት ጉዳት የደረሰባቸውን ከ5 ሺህ በላይ ወታደሮች ያነጻጸረው ከጤነኞች ጋር አልነበረም፤ ሌላ አካላቸው ከተጎዳ ጓዶቻቸው ጋር ነው። እጁ የተሰበረም ሰው ሕመም፣ ጭንቀትና ሥራ ማጣት አለበት፤ በሁለቱ መካከል ያለው ዋና ልዩነት አንጎል ነው። ጭንቅላታቸው የተመታው ለአልኮልና ለኒኮቲን ጥገኝነት ይበልጥ ተጋልጠው ተገኙ፤ ተጋላጭነቱ የበረታው ከጉዳቱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ነበር። በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች እ.ኤ.አ. በ1977 የተወለዱ 1,265 ሕፃናትን ሲከታተል የኖረው ጥናት ደግሞ ጥያቄውን በሌላ በኩል ዘጋው። ከአምስት ዓመት በታች ሳሉ ጭንቅላታቸው ተጎድቶ ሆስፒታል የተኙት፣ ጎረምሳ ሲሆኑ በመጠጥና በዕፅ ችግር ውስጥ የመገኘታቸው ዕድል ከፍ ብሎ ታየ። የሦስት ዓመት ሕፃን ሰክሮ አልወደቀም።

የእንስሳት ምርምር ምክንያቱን ጠጋ ብሎ ያሳያል። በፊላዴልፊያ ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ በለጋ ዕድሜያቸው ጭንቅላታቸው የተመታ ወንድ አይጦች ካደጉ በኋላ ኮኬይን ያገኙበትን ቦታ አብዝተው ይመርጡ ነበር። የአንጎል ጠባቂ ሕዋሳት ለጉዳቱ ተነሥተው ቁጣቸው ሳይበርድ በመቆየቱ፣ በሽልማት መስመሩ ላይ ያሉትን የነርቭ መገናኛዎች ሲያጎሳቁሉ ተገኙ። በኦሃዮ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ በሕፃንነታቸው የተጎዱ ሴት አይጦች ሲያድጉ ብዙ አልኮል እንደሚጠጡ፣ ወንዶቹ ግን እንደማይለወጡ አሳየ። ስለዚህ ጥናት አንድ የምመለስበት ነገር አለ።

ተቃራኒው ማስረጃ ሳይነገር መታለፍ የለበትም፤ ምክንያቱም የዚህ ሁሉ ምርምር አስደናቂው ክፍል እርሱ ነው። ጉዳት አንዳንድ ጊዜ ሱስን ያጠፋል። በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ናሲር ናቅቪና ባልደረቦቹ አንጎላቸው ከመጎዳቱ በፊት አጫሽ የነበሩ 69 ሰዎችን መረመሩ። ከእነርሱ 19ኙ የተጎዱት ኢንሱላ በተባለው፣ የአካልን የውስጥ ስሜት በሚያነብ ክፍል ላይ ነበር። ከ19ኙ 13ቱ ማጨስ ትተዋል፤ ከ13ቱ 12ቱ ደግሞ የተዉት ያለ ትግል፣ ሐራራውም ሳይመለስባቸው ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ታተመ። እ.ኤ.አ. በ2022 ዩሆ ዮትሳና ማይክል ፎክስ ጥናቱን ወደ 129 አጫሾች አሰፉት፤ 34ቱ ከጉዳቱ በኋላ በቀላሉ ትተው ተገኙ። ቁስሎቻቸው በተለያየ ቦታ ላይ ቢሆኑም ሁሉም ከአንድ የአንጎል መረብ ጋር የተያያዙ ሆኑ። ከዚህ የምንረዳው ጉዳቱ የት አረፈ የሚለው ዋና ነገር መሆኑን ነው። ጉዳት ሱስን እንደሚያመጣና እንደሚያጠፋ የሚያሳዩት ግኝቶች ሲደመሩ የሚሉት አንድ ነው፤ ሱስ በሥጋ ውስጥ መኖሪያ አለው፣ ሥጋው ሲለወጥ እርሱም ይለወጣል። ለአንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ፦ ይህን ሰምቶ መመታት ሱስ ያስለቅቃል የሚል ቢኖር፣ ከመንገድ አደጋ በኋላ የሚገኘው ቁስል በአብዛኛው የሚጎዳው ኢንሱላን ሳይሆን የፊት አንጎልን ነው።

ከዚህ ሁሉ ምርምር አብዛኛው የተሠራው በሀብታም አገሮች፣ በአልኮል፣ በሲጋራና በኮኬይን ላይ ነው። የእኛ ሰው ሱስ ሌላ ገጽ አለው። አታላይ ዓለም፣ ደረጀ ከበደና ጉናር ኩልግሬን በቡታጅራ ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት ከተጠያቂዎቹ ግማሹ ያኔ ጫት ይቅም ነበር። ካቲኖን እንደ አምፌታሚን ዶፓሚንን ከነርቭ ጫፍ ያስለቅቃል። ቅጠሉ ሲደርቅ ስለሚዳከምም ጫት በኮባ ተጠቅልሎ በፍጥነት ይጓዛል። ሌሊቱን ከጅቡቲ ወይም ከሞያሌ ለሚነዳ ሾፌር ጫት የእንቅልፍ መከላከያ ነው። ምርቃናው ሲያስቸግር ደግሞ ጨብሲ ይከተላል፤ ቢራ ወይም አረቄ። ይህ ዑደት የተጎዳ አንጎልን በሁለት በኩል ይገፋል። ፍላጎቱን አንዱ ያነሣል፤ መግቻውን ሌላው ያላላል። እንቅልፍም ይጠፋል፣ አንጎል የሚጠገነው ግን በእንቅልፍ ነው።

አልኮል በተጎዳ አንጎል ላይ የሚያመጣው ሌላ አደጋ የሚጥል በሽታ ነው። ከከባድ የጭንቅላት ጉዳት በኋላ ከወራትም ከዓመታትም በኋላ ሊነሣ ይችላል፤ መጠጥም፣ መጠጥን በድንገት ማቆምም ያቀርበዋል። ለራስ ምታቱ የሚወሰደው ትራማዶልም እንዲሁ። ትራማዶል ከሞርፊን ወገን የሆነ፣ ራሱ ሱስ የሚያስይዝ፣ ለሚጥል በሽታም በር የሚከፍት መድኃኒት ነው፤ ራሱን ለተመታ ሰው ያለ ክትትል መስጠት አንዱን ችግር በሌላ መተካት ነው። ሆስፒታል የተኛ ተጎጂ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቢንቀጠቀጥ፣ ቢቃዥና ቢታገል ደግሞ ምክንያቱ የአንጎሉ ቁስል ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የለመደው አረቄ ድንገት ስለተቋረጠበት ሊሆን ይችላል። ይጠጣ እንደነበር ለሐኪሙ የምትነግረው እናት ልጇን አላዋረደችም፤ ሕይወቱን አድናለች።

ሕክምናው የት ደርሷል? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 ከኖርዌይ በርገን ጋር በመተባበር የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። ያን ጊዜ በጣት የሚቆጠሩ ሐኪሞች ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ በክልል ከተሞች ሳይቀር የፈሰሰን ደም ከአንጎል የሚያወጡ እጆች አሉ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። በከተማዋ የአቤት ሆስፒታል ለአደጋና ለቃጠሎ ተከፍቷል፤ በአቃቂ ቃሊቲ በቻይና መንግሥት ድጋፍ የተሠራው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ። ሱስን በሚመለከት የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን ሸክሙን ብቻውን ተሸክሟል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው የአእምሮ ጤናን በጤና ጣቢያ ደረጃ የማዳረስ መርሐ ግብር ቀድሞ ከገባባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ የመጠጥና የዕፅ ችግርም በመርሐ ግብሩ ውስጥ ተካቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቶ የመሸጫ ዕድሜን ወደ 21 ከፍ አደረገ። ያለን ነገር ትንሽ አይደለም። የጎደለው በቀዶ ሕክምናው ክፍልና በሱስ ሕክምናው ክፍል መካከል ያለው መንገድ ነው። ቁስሉን ያየው ሐኪም ስለ መጠጥ አይጠይቅም፤ ስለ መጠጥ የሚጠይቀው ሐኪም ስለ ቁስሉ አይጠይቅም።

መጠየቁ ውድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የመጠጥ መጠይቅ አሥር ጥያቄ ብቻ ነው፤ ነርስ በደቂቃዎች ትጨርሰዋለች። በተቃራኒው በኩልም «ራስህን ተመትተህ ራስህን ስተህ ታውቃለህ?» የሚለው ጥያቄ ለሱስ በሚመጣ ሰው ሁሉ ላይ መነሣት አለበት። በቃሊቲና በቂሊንጦ ማረሚያ ቤቶችም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር በልዩ ልዩ አገሮች ከታራሚዎች 60 በመቶ ያህሉ የጭንቅላት ጉዳት ታሪክ እንዳላቸው ገምቷል። ቁጡ፣ የማይታረም፣ ከወጣ በኋላ ወደ መጠጥ የሚመለስ ከሚባለው መካከል ስንቱ በልጅነቱ ከበቅሎ ወድቆ ወይም በዱላ ተመትቶ ይሆን? ይህንን ሳይጠይቁ ማረም አይቻልም።

ጊዜውም ይታወቃል። በአውስትራሊያና በአሜሪካ ተጎጂዎችን የተከታተሉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ሰዎች ከአደጋው በኋላ መጀመሪያ መጠጥ ይቀንሳሉ። ደንግጠዋል፣ ደክመዋል፣ ቤተሰብም ከጎናቸው ነው። ጉልበታቸው ሲመለስና ጠያቂው ሲያልቅ፣ ወደ ሁለተኛው ዓመት ሲገባ፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል። የማገገሚያ ሕክምና ባለሙያዎች ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት አልኮል ጨርሶ እንዳይነካ የሚመክሩት ለዚህ ነው።

ቃል የገባሁት የኦሃዮ ጥናት እዚህ ላይ ይነሣል። ተመራማሪዎቹ የተጎዱትን ሴት አይጦች ከባዶው ሳጥን አውጥተው መጫወቻ፣ መወጣጫና ጓደኛ ባለበት ሰፊ ቤት ሲያኖሯቸው፣ የአልኮል ጥማታቸው ቀነሰ። በሰው ታሪክም የሚመስለው አለ። ፊንያስ ጌጅ የተባለ አሜሪካዊ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 13 ቀን 1848 የብረት ዘንግ የፊት አንጎሉን በስቶ ወጣ። ጠባዩ እንዴት እንደተለወጠ ሐኪሙ ጆን ሃርሎው የጻፈው በየመማሪያ መጽሐፉ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በቺሊ የመንገደኛ ሠረገላ መንዳቱን ግን ጥቂቶች ያነሣሉ። ታሪኩን ያጠናው ማልኮም ማክሚላን፣ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት የሚነሣ፣ መስመሩ የታወቀ ሥራ ጌጅን መልሶ አቁሞት ሊሆን እንደሚችል ይከራከራል። ለእኔ ይህ ከዘንጉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው።

አቃቂ ቃሊቲ ደግሞ የሥራ ሰፈር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን መሠረት በሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ አሠሪው ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፍላል፤ ዓመቱ ሲሞላም ይህ ክፍያ ያበቃል። ገቢው ደረጃ በደረጃ የሚወርድባቸው ወራት ጠያቂው የሚያልቅባቸውና መጠጡ የሚመለስበት ጊዜ የሚቃረብባቸው ወራት ናቸው። የሦስተኛው፣ የስድስተኛውና የአሥራ ሁለተኛው ወር የክፍያ ለውጥ በፋብሪካው የሰው ኃይል ክፍል መዝገብ ላይ አስቀድሞ የተጻፈ ነው። የሐኪም ቀጠሮውም በእነዚያው ቀናት ሊያርፍ ይችላል። ሠራተኛው ሲመጣም ስለ ራስ ምታቱ ብቻ ሳይሆን ስለ እንቅልፉ፣ ስለ መጠጡ፣ ስለ ጫቱ መጠየቅ ይቻላል፤ ሚስቱም አብራ ተጠርታ ያየችውን ትናገራለች። የቀድሞ ማሽኑን መያዝ ካልቻለ በመጋዘን ወይም በጥበቃ በግማሽ ቀን እንዲጀምር ማድረግ ደግሞ የፋብሪካው ፈንታ ነው።